ጎራዳው መጽሐፍ

ካምባ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ሱዓድ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የናፍቆት ሰላምታ ይቀድማል። እኔም ላስቀድም ብዬ ብዕሬን አነሣሁና ናፍቆቱን ፈልጌ አጣሁት። ሰላምታው ግን አለ፤ እሱን ተቀበዪ። ለአባትሽም ለእናትሽም አድርሺልኝ። ወንድምሽ ረሺድ የኢሱዙውን ጭነት ሳያራግፍ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ዕቃውን ሰጥቶኛል፣ አመስግኚልኝ። ዳጣውም መጽሐፉም በደህና ደርሰዋል። ዳጣው አቃጥሎ አስለቅሶኛል። እስካሁን ያስለቀሰኝ እሱ ብቻ ነው።

ለመስቀል ለምን ገረሴ አልገባሽም ላልሽው፣ ቶሎ ያልመለስኩልሽ መልሱን ስለማላውቀው ነው፤ ይቅርታ። የጋሞ ልጅ ለመስቀል እናቱ ቤት ካልገባ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል ነው የሚባለው። እኔ አንዱንም አልሆንኩም። የማርመው ፈተና አለብኝ ብዬ ላክሁባት። በመስከረም ማን ይፈተናል? እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ይህ አይጠፋትም።

አንቺ ገረሴ ስላልነበርሽ የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ጥር ወንድሜ ኤርጫፎ አባያ ሐይቅ ላይ ጀልባው ተገልብጦ ሲሞት እኔ ከዚህ እስክደርስ ቀብረውት ጠበቁኝ። ለቅሶው ግን ገና ነበር፤ እኔን ነው የሚጠብቀው። ታውቂያለሽ፣ የአገራችን አልቃሽ አክስቴ አበራሽ ነበረች። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ሙሾ አላወርድም ብላ ተወችውና እኔ ተተካሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ የስንቱን ቤት ልጅ አልቅሼለታለሁ። እና ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆመ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለባዳው ያን ያህል ያለች ለገዛ ወንድሟማ ምን ልትል ነው ብለው ነው የሚያዩኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ መንጋጋ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ጠበቁ፣ ጠበቁና አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን ወደ ጸሎት መለሱት። እናቴ ምንም አላለችኝም። እስካሁንም አላለችኝም።

ሙት ዓመቱ ጥር ላይ ነው። እንደገና ክብ ይሠራል፣ እንደገና ወደ እኔ ይዞራሉ። አሁንም ዝም ካልኩ ኤርጫፎ አልቃሽ ቤት ተወልዶ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው ይሆናል። እናቴ ይህን ተሸክማ ገበያ መውጣት አለባት።

መጽሐፉን ጀምሬዋለሁ። ሽፋኑን ማን በላው?

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሽፋኑን የበላችው እናቴ ናት። መጽሐፉን ያገኘሁት ለሱቁ ስኳር መጠቅለያ ከምንገዛው አሮጌ ወረቀት እስር ውስጥ ነው። እኔ ስደርስ ሽፋኑ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል፣ የመጨረሻው ምዕራፍም የማንን ሻይ ቅጠል ይዞ እንደ ወጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ስሙን ስላላወቅሁት ጎራዳው ብዬዋለሁ። አፍንጫ የለውም እንጂ አፍ አለው ወላሂ! «ውድ አንባቢ ሆይ፣ የፈጠራ ምንጭ በውስጥህ ነው፣ ቆፍር!» እያለ ይጮኻል። ስኳር እየመዘንኩ አነበብኩትና ያንቺ መድኃኒት መሰለኝ። ደግሞ አርባ ምንጭ ተምሮ ምንጬ ደረቀ የሚል ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም።

«ይህ ለሠዓሊና ለደራሲ የተጻፈ ነው እንጂ ለአልቃሽ አይሆንም» ብለሽ ከወዲሁ ለረሺድ ማመካኘትሽን ሰምቻለሁ። ለምን አይሆንም? አንቺ ከባዶ ሜዳ ተነሥተሽ አገር የሚያስለቅስ ነገር ታወጪ የለም እንዴ? በየምዕራፉ መጨረሻ የቤት ሥራ አለው። ሥሪው። አስተማሪ ሆነሽ የቤት ሥራ ብታስቀሪ ተማሪዎችሽ ይስቁብሻል።

ስለ እኔ አልጠየቅሽም፤ ደህና ነኝ። ሱቁም እንደ ወትሮው ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል።

ሱዓድ


ካምባ፣ ኅዳር 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ሱዓድ፣

እንዴት ከረምሽ። አዎ፣ የቤት ሥራውን እየሠራሁ ነው። እንዴት እንደሆነልኝ አንቺው ፍረጂ።

የመጀመሪያው «በመስታወት ፊት ቆመህ ስምህን ጥራ፤ ‹አለሁ› ብለህ መልስ፤ የተኛው ኃይልህ ይነቃል» ይላል። ቆምኩ። «አገኘሽ!» አልኩ። «አለሁ» አልኩ። ከዚያ ጸጉሬን አበጥሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሁለተኛው የምትፈራውን ነገር ሳል የሚል ነው። ጀልባ ሳልኩ። ጫማ መሰለ። ጫማ ነው ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው ነው ጉድ ያፈላው። «መነሣሣት ዓይናፋር እንግዳ ነው። በርህን ዝጋ፣ ብቻህን ሁን፣ ያኔ ይመጣል» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ዘግቼ ወረቀትና ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን የጻፈው ሰው ካምባ ኖሮ አያውቅም። እዚህ በቀን የተዘጋ በር ወይ በሽተኛ አለበት ወይ ሐዘንተኛ። መጀመሪያ አከራዬ ጋሽ ዳና መጡ። አንኳኩ፣ መልስ አልሰጠሁም፤ ገፍተው ገቡ። ከዚያ የላይኛው ቤት ሴቶች ቆጮና ጎመን ይዘው መጡ። ከዚያ የማላውቃቸው። ቤቴ ጢም አለ፣ በሳጥኑ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ።

«ማን ሞተብሽ?» አሉኝ ጋሽ ዳና።

መጽሐፍ ዝጊ ብሎኝ ነው ማለት አፈርኩ። «ወንድሜ» አልኩ።

«መቼ?»

«ዓመት ሊሆነው ነው።»

እና አሁን ምን አስዘጋሽ ይሉኛል ብዬ ነበር። አንድም ሰው አላለኝም። ተቀመጡ፣ አንዷ ሕፃኗን አጠባች። ጋሽ ዳና ቆይተው «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አሉኝ።

«ጥሩ ነበር» አልኩ።

ሱዓድ፣ ጥሩ ነበር! ለአንድ ወንድም! ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ይህ ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። እኔ ለቅሶ ቤት ስደርስ ወደ ሐዘንተኛው አልሄድም። መጀመሪያ ጓሮ ነው የምገባው። ምግብ የሚሠሩትን ሴቶች፣ እንጨት የሚፈልጡትን ወንዶች «ምን ነበር?» እላለሁ። አንዷ በሬውን በምን ስም እንደሚጠራ ትነግረኛለች፣ አንዱ በጣም የሚወደውን ምግብ። ከዚያ ወጥቼ አወርደዋለሁ። ለኤርጫፎ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ሐዘንተኛዋ እኔ ነኛ፣ ባለቤት ጓሮ አይገባም። አውቀዋለሁ ብዬም ነበር። አላውቀውም። እኔ የማውቀው ገረሴ አብሮኝ ያደገውን ልጅ ነው። እኔ እንድማር ብሎ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሲቀላ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ተምሬ ወደዚህ መጣሁ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ዓሣ እያመጣ ሰው የሆነው እናንተ ሱቅ በር ላይ ነው።

ጎራዳው ምንጩ በውስጥሽ ነው ይላል። ቆፈርኩ፣ የለም። ስለዚህ አንቺን እጠይቅሻለሁ። ምን ነበር?

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአገኘሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ረሺድ ቸኩሏል፣ አጭር ነው የምጽፍልሽ።

በረሺድ ያዘዝሽው ሻማ አልገባም። ሳሙናውን ልኬልሻለሁ። እናቴን ጉንፋን ይዟታል እንጂ ደህና ናት። የጎራዳውን ቀጣይ ምዕራፍ ሥሪ፣ አትዝለዪ።

የጠየቅሽኝን እናትሽን ጠይቂ። ወይም አብረውት የሚያጠምዱትን። እኔ ዘመድ አይደለሁም።

ሱዓድ


ካምባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ሱዓድ፣

በምን እንዳስቀየምኩሽ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ግን አስቀይሜሻለሁ። የምታሾፊብኝ ነገር የሌለበት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ስላላወቅሁት ጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ፤ ይልቁንስ እሱ ጨርሶኛል። «ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካልመጣልህ፣ ውድ አንባቢ፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀርሃል፤ እርሱም» ብሎ ያበቃል። እርሱም ምን እንደሆነ እናትሽ ሻይ ቅጠል ጠቅልላበታለች። አልተናደድኩም። መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ።

እናቴ ሰው ልካብኛለች። «ሙት ዓመቱ ጥር 14 ነው፣ ትመጪያለሽ ወይ?» ብላለች። ትመጪያለሽ ወይ ብላኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ነይ ነበር የምትለኝ። ይህን እንኳ ስሰማ የሆነ ነገር ሊወጋኝ ይገባ ነበር። አክስቴ አበራሽን ለምኛት ነበር። «ልጄ፣ ለእናንተ እጸልያለሁ፣ አላወርድም» አለችኝ። ቃሏን ለማንም ብላ አታጥፍም፣ አልፈርድባትም። ያለሁት እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የለሁም።

«ዘመድ አይደለሁም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያለፉትን ደብዳቤዎችሽንም አወጣሁ። ኤርጫፎ ከሞተ ጀምሮ አንቺ ስለ እኔ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ ስለ እኔ እመልሳለሁ። አንድም ቦታ ስላንቺ አልጠየቅሁም። አሁን ልጠይቅሽ፣ ሱዓድ። እሱ የሞተ ቀን አንቺ የት ነበርሽ? እንዴት ነሽ?

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

አገኘሽ፣ እህቴ፣

ያን ቀን ሱቅ ነበርኩ። የት እሆናለሁ? እሱን የጫነው መኪና በእኛ በር በኩል አልፎ ወደ ገረሴ ሄደ። ጎረቤቶቻችን አስከሬኑ እስኪያልፍ በራቸውን ገርበብ አደረጉ። የእኛ ክፍት ነበር። የገበያ ቀን ነው፣ አባቴም ማን እንዳለፈ አላወቀም። ሰው እየገባ «ያ ዓሣ የሚያመጣላችሁ ልጅ ሞተ አሉ» ይለኛል። እኔም «አላህ ይዘንለት። ግማሽ ኪሎ ነው አንድ ኪሎ?» እላለሁ። እንዲህ ስል ዋልኩ። ስኳሩንም አላጎደልኩም።

ላንቺ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ ጻፍኩ፤ ለእናትሽ ለእማማ ሻሺቱም በሰው ላክሁ። ለእኔ ማንም አላለኝም። ማን ይለኛል? እህቱ አይደለሁ፣ ሚስቱ አይደለሁ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ። አንቺም አላልሽኝም። በዚህ ነው የተቀየምኩሽ። እወደው ነበር፣ አገኘሽ። የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም። እሱም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ሁለታችንም መግቢያ እናጣ ነበር፣ ይህን ያውቃል። ጎራዳውንም የላክሁልሽ ላንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰው ያልቅስለት ብዬ ነው፤ እኔ ስለማልችል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ምን ነበር?

አይቀመጥም ነበር። ወንበር ብንሰጠው እንኳ ልብሴ ዓሣ ይሸታል ብሎ የበሩን መቃን ተደግፎ ነው የሚቆመው። የሚደገፍበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። ከሞተ በኋላ አባቴ ለኢድ በሩን ሲያስቀባ ያን መቃን እንዳይነኩት አደረግሁ። ለምን ሲለኝ ቀለሙ አይበቃም አልኩት።

እናቴ የዓሣ ዓይን ትፈራለች። አልነገረችውም፤ አንድ ቀን ቆሮሶ ዓሣ ሲያመጣ ፊቷን ስታዞር አየ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱን ቆርጦ ነው የሚያመጣልን።

ሳሙና ሲገዛ እያንዳንዱን አሽትቶ ነው። የሎሚ ሽታ ያለውን ይመርጣል፤ «ለእናቴ ነው» ይላል። ለራሱ የሚገዛው ያገኘውን ነው።

ዝናብ ሲመጣ አይሮጥም። አገር ምድሩ ሲሯሯጥ እሱ መሃል መንገዱን ይዞ ያዘግማል። ሩጥ እንጂ ብዬ ስጮህበት «ብሮጥ ከፊቴ ያለውን ዝናብ ነው የምደርስበት» አለኝ። አሁን ሲዘንብ በሩ ላይ ወጥቼ የማይሮጥ ሰው እፈልጋለሁ። ሁሉም ይሮጣል።

ውሰጂው፣ ያንቺ ነው። አልቅሺበት።

ሱዓድ


ገረሴ፣ ጥር 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ሱዓድ፣

የጻፍሽልኝን ይዤ ነው የመጣሁት። እንዴት ሆነ ብለሽ እንደምትጠብቂ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ክብ ሠሩ። ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ፣ እንደ አምናው ነው፤ ምንም የለም። አንዳንዱ ከወዲሁ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ያኔ ባለቤትነቴን ትቼ ጓሮ እንደምገባው ሁሉ ሰዉ መሃል ገባሁ። «ምን ነበር?» አልኳቸው። ሐዘንተኛ እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ ግራ ገባቸው። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። አንዱ ጎረቤታችን «ሲያፏጭ ከወንዙ ማዶ ይሰማኝ ነበር» አለ። እሱን ይዤ አወረድኩት፤ ተቀበሉኝ። ሌላዋ ልጅነቱን አነሣች። ከዚያ ያንቺን አወጣሁ። ስለ መቃኑ አወረድኩ። ስለ ዓሣው ጭንቅላት ሳወርድ የሳቁም ነበሩ፣ እየሳቁ ያለቀሱም። የዝናቡን መጨረሻ አደረግሁት። ያልኩት በጋሞኛ ነው፣ ላንቺ ብዬ በአማርኛ እንዲህ መልሼዋለሁ፦

ሲዘንብ የሚያዘግም፣ ዶፍ ቢወርድ የማይሮጥ፣
አባያ ሲጠራው ሄደ ሳይገላመጥ።

ሰዉ ሲቀበለኝ ሜዳው ተነቃነቀ። እናቴ አምና ቁጭ ብላ ነበር፤ ዘንድሮ ተነሣች። «ሳሙና ይልክልኝ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እስከ ዳር ተሰማ። «የሎሚ ሽታ ያለው። አስቀምጬዋለሁ፣ አልታጠብኩበትም።» ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም አለቀሰ።

እኔ አላለቀስኩም። ልዋሽሽ አልፈልግም። የዚያ የተወጋ መንጋጋ መድኃኒቱ ሲለቅ እንዴት ማመም እንደሚጀምር ታውቂያለሽ? እዚያ ደርሻለሁ።

ሰዉ ሲበተን እናቴ እጄን ይዛ ጥግ ወሰደችኝ።

«መቃኑን፣ ዓሣውን፣ ዝናቡን ማን ነገረሽ?»

«ሐዘን ላይ ያለች አንዲት ልጅ» አልኳት።

ምን እንደገባት አላውቅም፤ ሁሉም የገባት ይመስለኛል። «ለቅሶ ማን ደረሳት?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሱዓድ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዓመት ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያንቺም ሰው ነው የሞተው። የትምህርት ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ረሺድ ለገበያ ሲመጣ አብሬው ወርጄ ለቅሶ እደርስሻለሁ። እናቴ ቆጮ እየጋገረችልሽ ነው፤ የረመዳን ጾም ላይ እንደሆንሽ ነግሬያታለሁ፣ ለማፍጠሪያሽ ነው። ያን ቀን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሱቅሽን ዝጊ።

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

አገኘሽ፣

እስክትመጪ አላስቻለኝም። ዛሬ ዘጋሁት።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ በሩን ተዘግቶ አገኘው። «ማን ሞተ?» አለኝ። ነገርኩት። የቀረውን ያልነገርኩትን የሰማ ይመስለኛል። ከዚያ ወንበር አወጣና ከደጁ፣ ቀለም ካልተቀባው መቃን ሥር ተቀመጠ። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ሐዘን አለብን» ብሎ ሲመልስ ከውስጥ ይሰማኛል። ጎረቤቶች መግባት ጀምረዋል። የማን ሐዘን እንደሆነ ጠይቀው የገቡም አሉ፣ ሳይጠይቁ የገቡም አሉ።

ይህን ለረሺድ ሰጥቼዋለሁ፤ አንቺን ይዞ ይመለሳል። ስትደርሺ እንዳታንኳኪ። ገፍተሽ ግቢ።

ሱዓድ